አንሶላዎቹ ሳይነሱ የዋሉበት ቀን

ሶሬል ሌክ፣ ማኒቶባ
ኦክቶበር 17 ቀን 2011

ለውድ ልጄ ለዳርሊን፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤ ነው። ሦስቱን ጽፌ ጽፌ ምድጃ ውስጥ ጨምሬያቸዋለሁ፤ ይኼኛው ፖስታ ቤት ከደረሰ ትልቅ ነገር ነው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ጋ ሲነጋ እኔ ጋ ይመሻል፣ ደግሞ እኔ ስልክ ላይ እንደምታውቂው «እህ፣ እህ» ከማለት አላልፍም። ስለዚህ ታግሰሽ አንብቢኝ። ፊደሌ ከተንጋደደብሽ እጄ ነው እንጂ ጠጥቼ አይደለም።

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ባልሽ ኢያን ከበጎቹ ጋር እንዴት ይዞታል? እናንተ ጋ ጸደይ ገባ ብለሻል። እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፣ ዝይዎቹም ወደ ደቡብ ሄደዋል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ጉልበቴ ነው።

የጠበቃው ፖስታ ባለፈው ማክሰኞ ደረሰኝ። እንዳልሽው ሁሉም አለበት፤ በሁለታችን ቤት መካከል ያለው የእናትሽ ጓሮ፣ ከአጥሩ እስከ ኋላ መንገድ ድረስ፣ በስጦታ ለእኔ ለኦርቪል ማክሬ ይተላለፍ ይላል። የሚፈረምበት ሦስት ቦታ ላይ ትንንሽ ቢጫ ወረቀት ለጥፈውበታል፣ ሽማግሌው እንዳይሳሳት ብለው። ከላይ ደግሞ አንቺ በእጅሽ «እማማን ስለጠበቅክልኝ» ብለሽ ጽፈሻል።

አልፈረምኩም ዳርሊን። ወረቀቱ ስድስት ቀን ሙሉ ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፣ እኔም ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምበላው። ከመፈረሜ በፊት ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። ከሰማሽው በኋላ መሬቱን ለሌላ ሰው ብትሸጪው፣ አስፋልት ብታለብሺውም ቅር አይለኝም። ውሸቴን ነው፤ ቅር ይለኛል። ግን መብትሽ ነው።

እስቲ መጀመሪያ የጓሮውን ወሬ ልንገርሽና ትንሽ ልደፋፈር። ድንቹን አወጣሁት፤ ዘጠኝ ጆንያ ወጣው። ስድስቱን ለቤተ ክርስቲያናችሁ ሴቶች ሰጠኋቸው፣ ለገና የሚቀቅሉትን የፔሮጊ ሊጥ ይሞሉበታል። ቀይ ሥሩን ነቅያለሁ። ካሮቱን ግን መሬት ውስጥ ተውኩት፤ እናትሽ «ካሮት ሁለት ሦስት ውርጭ ካልቀመሰ ምኑ ካሮት ነው» ትል አልነበር? የዳሊያ አበባዎቹንም ቆፍሬ ሥራቸውን አጥቤ፣ ሰጋቱራ ውስጥ ቀብሬ፣ ምድር ቤት አስቀምጫቸዋለሁ። የትኛው ቀይ የትኛው ቢጫ እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው። እናትሽ በየሥሩ ላይ ስሙን በእርሳስ ትጽፍበት ነበር፤ እኔ ይኼ ትዝ ያለኝ ሁሉንም በቧንቧ ውሃ ካጠብኩ በኋላ ነው። ብትኖር ለአንድ ሳምንት ትሰድበኝ ነበር። የስድቡን ዓይነት ሁሉ እያሰብኩ ብቻዬን ምድር ቤት ውስጥ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ።

እሷ ሰው ማዘዝ ሥራዋ ነበር። አንቺ ሰባት ዓመትሽ ሳለ፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ቀን እንኳ በሰዓትሽ ከቤት ወጥተሽ አታውቂም። እናትሽ የካሮት ባልዲ ይዛ አውቶቡሴ ፊት መንገድ መሃል ትቆማለች።

«ኦርቪል! አንድ ደቂቃ! ጫማዋን እያሰረች ነው!»

«ኔቲ፣ ሠላሳ ሁለት ልጅ ይጠብቃል እኮ!»

«ሠላሳ ሁለቱም ካሮት ይወዳሉ» ትልና ባልዲውን በበሩ ታስገባዋለች። እስከ ትምህርት ቤት ድረስ አውቶቡሱ ጥንቸል የጫነ ነው የሚመስለው። ቅጠሉን ጠርጌ የማወጣው ደግሞ እኔ። እኔና ቬልማ ልጅ አልወለድንም፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ግን የሰው ልጅ አመላልሻለሁ። ከዚያ ሁሉ ልጅ እስከ ዛሬ ለገና ካርድ የምትልኪልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ለዚህም ነው ይህ ደብዳቤ የከበደኝ።

ቬልማ የሞተች ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ በድስት ምግብ ይዞ መጣ። ማቀዝቀዣዬ ሞልቶ አልዘጋ አለ። እናትሽ ግን በአራተኛው ቀን መኮትኮቻ ይዛ መጣች። ሶፋው ላይ ተጋድሜ አገኘችኝ።

«ተነሥ» አለችኝ። «ሽንኩርቴ በአረም ታንቋል።»

«ኔቲ፣ ሚስቴ እኮ ሞተች።»

«አውቃለሁ። ሽንኩርቱ ግን አያውቅም።»

ተነሣሁ። ምን ላድርግ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት የእናትሽ ቀን ሠራተኛ ሆንኩ። ውለታዋን ደግሞ ማመስገን ክልክል ነው። ችግኝ ስትሰጠኝ «አመሰግናለሁ» ልል አፌን ስከፍት «ዝም በል! ለተክል ከተመሰገነ አይበቅልም!» ብላ ትጮህብኛለች። የድሮ ሰዎች ልማድ ነው፣ ታውቂዋለሽ። እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ምስጋና አፌ ላይ የማይቀልለኝ ሰው ነኝና ሕጉ ተመቸኝ። ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አላመሰገንኳትም።

የአንሶላውን ነገር ታስታውሺዋለሽ፤ ግን አንቺ ከሄድሽ በኋላ ብሶባት ነበር። ከየአሮጌ ዕቃ ገበያው ለቅማ አሥራ አራት አንሶላ አከማችታ ነበር፤ አበባ ያለበት፣ ባለ መስመር፣ አንዱ እንዲያውም የመኪና ሥዕል ያለበት የወንድ ልጅ አንሶላ። ሴፕቴምበር ላይ ሬዲዮው ውርጭ ይመጣል ሲል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አጥሩ ጋ ትመጣና ስሜን ትጠራለች። «ኦርቪል! አንሶላ!» ሌላ ቃል የለም። ኮፍያዬን አደርግና እወጣለሁ። አንሶላ ማልበስ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ አንዱን ጫፍ፣ ነፋሱ እንዳይወስደው እየተሳሳብን ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን፣ ዳሊያውን እናለብሳለን፣ ጥግ ጥጉ ላይ ድንጋይ እንጭናለን። ሁልጊዜ የምትጣላኝ በዚያ ሰዓት ነው። «ሳበው እንጂ! ሬሳ ነው እንዴ የምትከፍነው?» ትለኛለች።

ጠዋት ደግሞ ፀሐይ ጓሮውን ሳትመታው በፊት አንሶላው መነሣት አለበት፤ አለዚያ ተክሉ ከሥሩ ይቀቀላል። እናትሽ በዚህ ቀልድ አታውቅም። እንዲያውም «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ጓሮዬ ላይ አንሶላ ካየህ፣ ወይ ሞቻለሁ ወይ አግብቻለሁ ማለት ነው» ትለኝ ነበር። በየዓመቱ ትለዋለች፣ በየዓመቱ እስቃለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።

ጁላይ መጨረሻ ላይ ግቢዬ ውስጥ እሾህ አረም በዛብኝና የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ረጨሁ። ያን ቀን ነፋስ ነበር። ነፋስ ባለበት አይረጭም፤ ይህን እዚህ አገር የሚያድግ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ግን ዓሣ ለማጥመድ ልሄድ ቸኩዬ ነበርና እስኪቆም አልጠበቅሁም። በሳምንቱ የእናትሽ ቲማቲም ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ ፍሬውም ጎብጦ ተጣመመ። መጥታ ጠየቀችኝ። «ረጭተሃል?» አለችኝ። «ረጭቻለሁ፣ ግን ነፋሱ ከአንቺ ወደ እኔ ነበር» አልኳት። ዓይኗን እያየሁ ነው የዋሸሁት። እሷም አየት አድርጋኝ ሄደች።

በኦገስት አጋማሽ የአትክልት ውድድሩ ደረሰ። አሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ የቲማቲሙን ሽልማት እንደወሰደች ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ትቀራለች ብዬ ነበር። እሷ ትቀራለች? አዳራሹ ውስጥ ስገባ ሰዉ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ከብቦ ይስቃል። ቀረብ ብዬ ሳይ እነዚያ የተጣመሙ ቲማቲሞቿ ሳህን ላይ ተደርድረዋል፣ ከጎናቸው ካርድ ቆሟል። «አብቃይ፦ ኔቲ ቦይቹክ። መርዝ ረጪ፦ ኦርቪል ማክሬ።» ዳኛዋ ሳትቀር በመሀረብ አፏን ይዛ ትስቅ ነበር።

ፊቴ እንደ ፍም ጋለ።

«ይህን ካርድ አንሺው!» አልኳት።

«እውነቱን ስትናገር አነሣዋለሁ።»

«ነፋሱ ወደ እኔ ነበር አልኩሽ እኮ!»

«ያን ቀን ልብስ አስጥቼ ነበር፣ አንተ ሰውዬ። ነፋሱ ወዴት እንደነበር ቀሚሴን ጠይቀው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ኦርቪል፣ አንድ ቃል ብቻ በለኝ። አጠፋሁ በል። ነገሩን እዚሁ ቀብረነው ቡና እንጠጣለን።»

ቀላል ነበር። ሰው ያየኛል ብዬ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ አንድ የማይባል ነገር ተናገርኩ። አሁን ላንቺ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ይህም ደብዳቤ ምድጃ ነው የሚገባው። «አንቺ ከቲማቲም በቀር የምትወጂው ነገር የለም። ልጅሽ ዓለም ጫፍ ድረስ የሸሸችሽ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አልኳት።

ሳቁ ሁሉ ቆመ። እናትሽ ካርዱን አነሣችው፣ ሳህኗን ያዘች፣ ወጣች። በሩ ላይ ሳህኗ ዘንበል ብሎ አንድ ቲማቲም ወደቀባት። ጎንበስ ብላ ስታነሣው ማንም አላገዛትም፣ እኔም አላገዝኳትም።

ዳርሊን፣ ያልኩት ውሸት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር አጥሩ ላይ ተደግፋ የምታነብልኝ እሷ ናት። በጉ ወጥ ቤት ገባ ያልሽውን ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችልኝ፤ ሁለተኛው ላይ እንደ በግ እየጮኸች። አንቺ የሸሸሽ ልጅ አልነበርሽም፣ እሷም እንዲያ አስባ አታውቅም። የት ጋ እንደሚያማት አውቅ ነበር፣ አውቄ ነው እዚያ ጋ የመታኋት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔማ ወለምታም አልነበረም።

ከዚያ ሃያ ስድስት ቀን ተዘጋጋን። እሷ በጓሮ ስትወጣ እኔ በፊት በር እገባለሁ። በየቀኑ «ነገ እሄዳለሁ» እላለሁ። ነገ ይመጣል፣ «እሷ ናት ያዋረደችኝ፣ እሷ ትምጣ» እላለሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ሲሉ የሰው ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሴፕቴምበር አሥራ ሦስት ማታ ውርጭ ይመጣል ተባለ። እኔም ከሬዲዮው አጠገብ ተነሥቼ መስኮት ላይ ቆምኩ። በሆዴ እንዲህ ነበር የማስበው፤ አሥራ አራት አንሶላ ብቻዋን አትችልም፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የግድ ትጠራኛለች። ከጠራችኝ ነገሩ ሁሉ አለቀ፤ ይቅርታም መባባል የለም፣ ጫፍና ጫፉን ይዘን እንጣላለን።

መጣች። አጥሩ ጋ ደርሳ ቆመች። መጋረጃዬን እያየች አፏን ከፈት አደረገች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ኮፍያዬን አደረግሁ። እውነቴን ነው ዳርሊን፣ ኮፍያዬን አድርጌ እጄን በሩ ላይ ጭኜ ነበር። እሷ አፏን ዘጋች። ዞራ ሄደችና የመጀመሪያውን አንሶላ ብቻዋን መጎተት ጀመረች። ነፋሱ ሦስት ጊዜ ከእጇ ወሰደባት። አንዱ ጫፍ ላይ ድንጋይ ጭና ወደ ሌላው ስትሮጥ የመጀመሪያው ይነሣባታል። አንዴ ሚዛኗን ስታ በጉልበቷ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ጭቃውን አራገፈች። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባት። እኔ ኮፍያዬን እንዳደረግሁ ቆሜ አየኋት። ጨርሳ ስትገባ ኮፍያዬን አውልቄ ሰቀልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ተነሥቼ ሳይ ጓሮው ነጭ ነው። ውርጭ ስለነበረ ይህ አያስገርምም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ጓሮው ላይ አረፈች። አንሶላዎቹ አልተነሡም። «ደክሟት ተኝታለች» አልኩ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከአንሶላዎቹ ሥር እንፋሎት ይወጣ ነበር። «ልኳን ታግኝ፣ ይቀቀልባት፣ እኔን ያላስጠራት ኩራቷ ያንሣላት» አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ብያለሁ። ጮክ ብዬ፣ ሰሚ በሌለበት።

ስድስት ሰዓት ላይ ምሳዬን በላሁ። እየበላሁ በመስኮቱ አንሶላውን እያየሁ ነው። ያንን ቀልዷን አስታውሼ ነበር። አላስታወስኩትም ብልሽ እንዴት ደስ ባለኝ! ግን አስታውሼዋለሁ። «ከሦስት ሰዓት በኋላ ካየህ» ያለችውን አስታውሼ ሾርባዬን ጨረስኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ተጨንቄ እንዳይመስልሽ። ቲማቲሟ ተቀቅሎ እንደሆነ ልነግራት፣ ለካርዱ ብድሬን ልመልስ ነው የሄድኩት። የምላትንም መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። የጓሮ በሯ እንደ ሁልጊዜው አልተቆለፈም። ከፈትኩትና ገና ሳልገባ «ምነው ኔቲ፣ አገባሽ እንዴ?» አልኩ።

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ነበረች። አንድ እግሯ ላይ የላስቲክ ቦቷን አድርጋለች፣ ሌላው ከእጇ አጠገብ ወድቋል። አንሶላውን ልታነሣ እየወጣች ነበር። እጇን ያዝኩት። ገና ሙሉ በሙሉ አልቀዘቀዘም ነበር።

ለቅሶው ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ያ ሁሉ ሰው እየበላ አንቺ መጥተሽ አቀፍሽኝ። «አጎቴ ኦርቪል፣ አልተሠቃየችም አይደል?» አልሽኝ። «አልተሠቃየችም» አልኩሽ። «ጠዋት ነው ያገኘሃት?» አልሽ። «ጠዋት ነው» አልኩሽ። «አንተ ባትኖር እንዴት እንደምሆን እንጃ» ብለሽ ትከሻዬ ላይ አለቀስሽ፣ ኮቴም ረጠበ።  ሰው ሁሉ ሐዘን አፌን የዘጋው መሰለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ክሊኒክ ሄድኩ። የእናትሽን አስከሬን ያየችውን ያቺን ወጣቷን ዶክተር ጉልበቴን ስታገላብጥ ጠየቅኋት።

«ወይዘሮ ቦይቹክ ስንት ሰዓት ላይ ነው ያረፉት?»

እጇን ከጉልበቴ ላይ አነሣች። «ለምን ጠየቁኝ፣ አቶ ማክሬ?»

«ዝም ብዬ።»

«የወደቁት ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ይመስለኛል። ያረፉት ግን ከቀትር በኋላ ነው።»

«ሰው ቀደም ብሎ ቢደርስላትስ?»

 ጥሩ ልጅ ናት፣ መዋሸት አልፈለገችም። «እናድናቸው ነበር አልልዎትም» አለችኝ። «አናድናቸውም ነበር ግን ልልዎት አልችልም።» ከዚያ ለጉልበቴ ቅባት ጻፈችልኝ።

በቃ፣ ይኸው ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ በሕይወት ወለሉ ላይ ነበረች፣ እኔም አርባ እርምጃ ርቀት ላይ ሾርባ እየበላሁ ነበር። ሰምታኝ እንደሆነ አላውቅም። ራሷን ታውቅ እንደነበርም አላውቅም። ስሜን ጠርታ ይሆን የሚለውን ማሰብ አቁሜያለሁ ብዬ ዕቃ ሳጥብ ይመጣብኛል።

ከተማው አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ካፌ ስገባ የቡና ጓደኛዬ ስታን ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ፣ የፖም ኬክም ጋበዘኝ። «እንዳንተ ያለ ጎረቤት ይስጠን» አለኝ በሰው ፊት። ኬኩን በላሁት። ሁሉንም በላሁት፣ ሳህኑንም ጠረግሁት፣ ምክንያቱም ባልበላው ይጠይቀኛል። ከዚያ ወዲህ ካፌ አልሄድኩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን በየቀኑ ጓሮዋ ውስጥ ነኝ። እንደ እብድ እቆፍራለሁ፣ እነቅላለሁ፣ አጥባለሁ። ሲመሽ እጄን ታጥቤ እገባና ሬዲዮ እከፍታለሁ። ያው ሰውዬ የነገውን አየር ይነግረኛል። ለማን እንደምነግረው ግራ ይገባኛል።

አንዳንዴ መልሼ መላልሼ አስበዋለሁ። ያን ያህል ቀን እልኸኛ ያደረገኝ ካርዱ አይደለም። ሰው ስቆብኝ ያውቃል፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የልጆች አውቶቡስ የነዳ ሰው ማሳቂያ ሆኖ ነው የሚኖረው። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ የጠበቅኩት አጥሩ ጋ መጥታ እንድትጠራኝ ነው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ይህን በዚህ ዕድሜዬ እንዴት አድርጌ ለሰው እንደማስረዳ አላውቅም፣ ለእሷም አላስረዳሁም።

የጠበቃውን ወረቀት ሳልፈርም ከዚህ ጋር መልሼ ልኬልሻለሁ። ቢጫዎቹ ምልክቶች እንዳሉ ናቸው። ይህን ሁሉ ሰምተሽ ደግመሽ ከላክሽው እፈርማለሁ፣ ጓሮውንም እስከቻልኩ ድረስ እሠራዋለሁ። ካልላክሽው የቤቱን ቁልፍ ለጠበቃው እሰጣለሁ፣ ዳሊያዎቹንም ማንም የፈለግሽው ሰው መጥቶ ይውሰዳቸው። አልከራከርሽም፣ ምክንያትም አልደረድርብሽም።

እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ኢያንንም ጤና ይስጥልሽ። የእኔ ምርቃት ካሁን በኋላ ምን ያህል እንደሚይዝ አላውቅም፣ ግን ከሆዴ ነው።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። መልስ ሳትሰጪኝ እንዳትቀሪ። ዝም መባባል ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ልትሰድቢኝ ብትፈልጊ ስደቢኝ፤ ልትረግሚኝም ብትፈልጊ ርገሚኝ፤ የፈለግሽውን ያህል ክፉ ቃል ጻፊው፣ ቁጭ ብዬ ቃል በቃል አነበዋለሁ። ብቻ ጻፊልኝ፣ ልጄ።

ኦርቪል